ማርሹን ከዘንጉ በምን እናውጣው? የፑለር፣ የሰፓሬተርና የፕሬስ ንጽጽር

ባለፈው ክረምት አንድ የሃይሉክስ ካምቢዮ ተፈታትቶ በጆንያ መጣልኝ። ሌላ ጋራዥ ተጀምሮ የተተወ ሥራ ነው። አምስተኛው ማርሽ ከዘንጉ አልወጣ ብሏቸው ዙሪያውን በመዶሻ ሲደበድቡት ሰንብተዋል። የጥርሶቹ ጫፍ ተሸራርፏል፣ የዘንጉ ጫፍ ተደፍጥጦ ከንፈር አውጥቷል፣ አጠገቡ ያለው የሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲቀየር ፍጥነቱን የሚያስማማው ክፍል) የናስ ቀለበት ደግሞ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ባለመኪናው መጀመሪያ የሄደው ግን በኩሽኔታ ድምፅ ነበር። ማርሹም ቀለበቱም ዘንጉም ደህና ነበሩ። በመጨረሻ ሁሉንም የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሲያፈላልግ ከረመ።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲገጥመኝ ጥፋቱን ፈቺው ሰነፍ ስለሆነ ነው ብዬ አላልፈውም። ብዙ ጊዜ ሰውዬው እጁ ላይ ባለው መሣሪያ ነው የታገለው። ስለዚህ ከማኑዋል ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ፣ ኩሽኔታና የሲንክሮናይዘር ሀብ (ዘንጉ ላይ ተጠብቆ የሚገባው የመሐል ክፍሉ) ለማውጣት ያሉንን አማራጮች ላወዳድር። ምሳሌዬ በየጋራዡ የሚገባው የቶዮታ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ነው፤ የሃይሉክስና የሃይኤስ ዓይነቱ። አይሱዙና ከዚያ በላይ ያሉት ጭነት መኪኖች ሲሆኑ ብረቱ ይወፍራል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

ከምርጫው በፊት፦ የተጣበቀው የቱ ነው?

ዘንጉ ላይ ያለው ማርሽ ሁሉ የተጣበቀ አይደለም። በመርፌ ኩሽኔታ ላይ የሚሽከረከሩት ማርሾች ከፊታቸው ያለው ነገር ከተነሳ በእጅ ይወጣሉ። መሣሪያ የሚፈልጉት ተጠብቀው የገቡት ናቸው፤ ሀቡ፣ ኩሽኔታዎቹ፣ በታችኛው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው የአምስተኛው ማርሽ ወንድም (ከእሱ ጋር የሚናከሰው ማርሽ)፣ አንዳንዴ ደግሞ የአንደኛው ማርሽ የውስጥ ቡሽ (ማርሹ የሚሽከረከርበት ቱቦ መሰል ብረት)። ይህን ሳይለዩ ፑለር (ክፍሉን ይዞ በመሐል ብሎኑ ዘንጉን እየገፋ የሚጎትት መሣሪያ) የሚያስሩ ሰዎች አንዱን የተጣበቀ ክፍል በሦስት ልቅ ክፍሎች በኩል ይጎትቱታል። መሐል ላይ ያለው የናስ ቀለበት ያኔ ነው የሚሰነጠቀው።

ኩሽኔታ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመራል። ኩሽኔታ የውስጥና የውጭ ቀለበት አለው። የውስጡ ዘንጉ ላይ ተጠብቆ ከገባ በውስጡ ቀለበት ነው የሚጎተተው። የውጩ ቤቱ ውስጥ ተጠብቆ ከገባ በውጩ። ካቀያየራችሁት ኃይሉ ሁሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና ኳሶቹ በመሮጫቸው ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ ይተዋሉ። ጉድጓዱ በዓይን ላይታይ ይችላል። ካምቢዮው ተገጥሞ መኪናው አስፋልት ላይ ፍጥነት ሲይዝ ግን ኡኡታው ይጀምራል። ኩሽኔታውን በውጩ ቀለበት ከመጎተት ሌላ ምርጫ ከጠፋ ጎትቱት፣ ግን መልሳችሁ አትግጠሙት።

ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው፦ የትኛው መሣሪያ ትክክለኛውን ቦታ ሊይዝ ይችላል?

መዶሻ፣ ካቻቢቴና መሮ

ካቻቢቴ ሁልጊዜ ኃጢአት አይደለም። የቶዮታ ዘንግ ላይ ካሉት ስናፕ ሪንጎች (ቦይ ውስጥ ገብተው ክፍሉን የሚይዙ ክፍት ቀለበቶች) አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ ቀዳዳ የላቸውም፤ ፒንሳው የሚገባበት የለም። እነሱን የጥገና መጽሐፉ ራሱ በሁለት ካቻቢቴና በመዶሻ ቀስ እያደረጋችሁ አውጡ ይላል። ቀለበቱ ተስፈንጥሮ ዓይን እንዳያገኝ ጨርቅ ጣል ማድረግ ነው። ቀዳዳ ላላቸው ግን ትክክለኛ የስናፕ ሪንግ ፒንሳ ያስፈልጋል፤ ወደ ውስጥ የሚጨምቀውና ወደ ውጭ የሚከፍተው ለየብቻ። ጫፉ የሚቀያየረው ርካሹ ፒንሳ ለትንንሾቹ ይበቃል፤ ወፍራም የኩሽኔታ ቀለበት ላይ ግን ጫፉ ይጣመማል። እዚህ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ።

መሮ አንድ ቦታ ቋሚ ሥራ አለው። አምስተኛውን የሚይዘው ዳዶ በአንዳንዱ ካምቢዮ ላይ ከንፈሩ በዘንጉ ቦይ ውስጥ ተቀጥቅጦ የታሰረ ነው። ከንፈሩን በጠባብ መሮ ካላነሳችሁት ዳዶው ሲፈታ የዘንጉን ጥርስ ይዞ ይወጣል። ዘንጉ እንዳይዞር ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ አስገብታችሁ ቆልፉት፤ ዘንጉን በሞርሳ ጥርሱ ላይ መያዝ አያስፈልግም። ዳዶው ወደ ቀኝ ሲዞር የሚፈታ እንዳይሆን ጥርሱን አስቀድማችሁ እዩት። ያ ዳዶ አንዴ ከተፈታ በአዲስ ይተካል።

ማርሽ የሚቀይሩትን ሹካዎች ፒን ለማውጣትም በልኩ የተሠራ ፒን መምቻ ያዙ። ሚስማር የሚጠቀሙ አሉ፤ ሚስማሩ ፒኑ ውስጥ ይቀረቀርና አንድ ሥራ ሁለት ይሆናል።

ከዚህ በላይ መዶሻ ማርሽ ማውጫ አይደለም። የናስ ዘንግ አስደግፎ መምታት ብረቱ ላይ ጠባሳ አይተውም፣ ያም ሆኖ ምቱ ወደ አንድ ጎን ነው የሚያርፈው። ማርሹ ያዘነብልና የበለጠ ይቀረቀራል።

ባለ ሁለት እግርና ባለ ሦስት እግር ፑለር

በየሱቁ የተደረደረው፣ አብዛኛው ጋራዥም ያለው ይህ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ኃይሉን ዙሪያውን ስለሚያካፍል ራሱን መሐል ላይ ያስቀምጣል፤ ቦታ ካለ ሁልጊዜ እሱን እመርጣለሁ። ባለ ሁለት እግሩ ጠባብ ቦታ ይገባል፣ ግን አንዱ እግር ትንሽ ከላላ ወዲያው ወደ ጎን ይሄዳል።

የሁለቱም ችግር አንድ ነው፤ እግራቸው ወፍራም ነው። በማርሹና ከኋላው ባለው ኩሽኔታ መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እግሩ እዚያ ስለማይገባ ሰው ያገኘውን ጠርዝ ያስይዘዋል።

ረዳት ሳለሁ በዚህ ተይዣለሁ። «ጋሼ፣ ፑለሩ ያዘ!» ብዬ ተጣራሁ። አለቃዬ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየና «ምኑን ነው የያዘው?» አለኝ።

«ማርሹን።»

«የማርሹን ምኑን?»

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እግሮቹ ያረፉት ስሊቩ (በሀቡ ላይ የሚንሸራተተው ቀለበት) በሚገባባቸው ሹል ትንንሽ ጥርሶች ላይ ነበር፤ ማርሽ ሲቀየር የሚያያይዙት እነዚያ ናቸው። ብሎኑን ሲያላላው አንዷ ጥርስ ጫፏ ተሰብሮ መሬት ወደቀች። እነዚያ ጥርሶች ከተሸራረፉ ማርሹ ጭነት ሲይዝ እየዘለለ ይወጣል። «ይሄ ማርሽ ዳገት ላይ ከእጁ ሲዘል ሰውዬው ለማን ነው የሚደውለው?» አለኝ። ለእኔ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ባለ እግር ፑለር የምትገዙ ከሆነ የመሐል ብሎኑን ውፍረት እዩ። የተለመደው ልክ ብሎኑ ቢያንስ የዘንጉን ግማሽ ውፍረት እንዲኖረው ነው፤ ለ30 ሚሊ ሜትር ዘንግ ከ15 ያላነሰ። ጥርሱን በግራሶ ቀቡት። የብሎኑ ሹል ጫፍ የዘንጉን የመሐል ጉድጓድ እንዳይከፍተው ከተጣለ ኩሽኔታ የወጣች ኳስ መሐል ላይ አስቀምጡ፤ ለዚህ ብዬ ጥቂት ኳሶች በቆርቆሮ አጠራቅሜ አለኝ። ብሎኑን በአየር ሽጉጥ አታዙሩት። በእጅ ስታጠብቁት ብረቱ የሚነግራችሁን ሽጉጡ አይሰማም።

ይህ ፑለር በእርግጥ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፤ የማርሹ ጀርባ ክፍት ሲሆን፣ ወፍራም ጠርዝ ሲኖረውና መያዣው ከጥርሱ ሲርቅ። ካምቢዮ ውስጥ ይህ ሁኔታ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። ለክራንክ ፑሊ ይበልጥ ይመቻል።

ሰፓሬተር፦ የካምቢዮ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው

ሰፓሬተር ሁለት ግማሽ ሳህን ነው። ሁለቱ ገጥመው መሐላቸው ክብ ቀዳዳ ይሆናል፤ የቀዳዳው ጠርዝ በአንድ በኩል እንደ ቢላዋ ተሞርዷል። ሁለቱን ግማሾች በኩሽኔታው ጀርባ አድርጋችሁ የጎን ብሎኖቹን ስታጠብቁ ስሉ ጠርዝ በጠባቡ ክፍተት ይሰርጋል፣ ኩሽኔታውንም ከመቀመጫው ትንሽ ያነሳዋል። ከዚያ በሁለት ረጃጅም ብሎኖች ከላይ ካለው ድልድይ ጋር ታያይዙትና የመሐሉን ብሎን በዘንጉ ጫፍ ላይ ታጠብቃላችሁ።

ከባለ እግር ፑለር የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እግር የማይገባበት ክፍተት ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ሳይሆን ዙሪያውን ይይዛል፤ የኩሽኔታውን የውስጥ ቀለበት ለመያዝ ከዚህ የተሻለ የእጅ መሣሪያ አላገኘሁም። ማርሽ ላይም ቢሆን ከጥርሱ በታች ባለው ወፍራም ክፍል ላይ ታሳርፉታላችሁ።

ጉድለትም አለው። ሁለቱ ረጃጅም ብሎኖች እኩል ካልገቡ ድልድዩ ያዘነብላል፤ ማርሹም ከድልድዩ ጋር። እኔ በካሊፐር ሁለቱንም ጎን እለካለሁ፤ ካሊፐር የሌለው የዳዶውን ዙር ይቁጠር። ሌላው፣ ስሉ ጠርዝ የሚይዘው ቀጭን ቦታ ስለሆነ በጣም የተጣበቀ ነገር ላይ ጠርዙ ሊሸራረፍ ይችላል። ስለዚህ በስሉ ጎን ትጀምሩና ክፍተቱ ሲሰፋ ገልብጣችሁ በጠፍጣፋው ጎን ትይዛላችሁ። መገልበጡ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ ብዙ ሰው ይህን ስለሚዘል ነው ሰፓሬተሩ የሚበላሸው።

ድልድዩን ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል፤ ወፍራም ላሜራ፣ መሐሉ ላይ ጥርስ የወጣለት ቀዳዳ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ለብሎን የሚሆን ረዘም ያለ ቀዳዳ። ለረጃጅሞቹ ብሎኖች ራሱ ላይ የጥንካሬ ደረጃው 8.8 ወይም 10.9 የተጻፈበትን ግዙ፤ ምንም ያልተጻፈበት ይሳባል። ከባሌስትራ ብረት በብየዳ የተሠራ ድልድይ የሚሸጡም አሉ፤ አልመክርም። የባሌስትራ ብረት ዝም ብሎ ሲበየድ ከብየዳው አጠገብ ይሰባበራል፣ ጭነት ሲይዝ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚለቀው። ሳህኖቹን ራሳቸውን ግን አታሠሩ፤ የተጠነከረ ብረት መሆን አለባቸው።

ፕሬስ

ባለ 20 ቶን ፕሬስ (በሃይድሮሊክ የሚጫን ማሽን) ያለው ጋራዥ ለዚህ መጠን ካምቢዮ ሌላ ነገር አይቸግረውም። ኃይሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ አይወዛወዝም፣ ሀብና ማርሹን አንድ ላይ ያወጣል። መልሶ ለማስገባት ደግሞ ከፑለር ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ፑለር ያወጣል እንጂ አያስገባም። ባለ ሁለት ታችኛ ዘንግ የሆነውን የከባድ መኪና ፉለር ካምቢዮ የሚሠራ ሰው ከዚህም ከፍ ያለ ይፈልጋል።

ግን ፕሬስ ስሜት የለውም። ከሁሉም በላይ ልንገራችሁ የምፈልገው ይህን ነው። የፑለርን ብሎን በእጅ ስታጠብቁ የሆነ ነገር እንደያዘው ክንዳችሁ ያውቀዋል፤ ትቆማላችሁ፣ ትመለከታላችሁ፣ የተረሳ ስናፕ ሪንግ ታገኛላችሁ። በፕሬስ ላይ ግን እጀታውን መምታት ቀላል ነው፤ ቀለበቱ ቦዩን ይዞ እስኪበጠስ ድረስ ምንም አይሰማችሁም። በፕሬስ የተበላሹ ዘንጎች አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ ላይ የተረሳ ቀለበት ነበር። ስለዚህ ደንቤ ይህ ነው፦ ለካምቢዮው መጠን የሚገባውን ያህል ጫንኩና ካልተንቀሳቀሰ ኃይሉን እለቃለሁ፣ ዘንጉን አወርዳለሁ፣ በባትሪ እያበራሁ ዙሪያውን እፈልጋለሁ።

ሁለት ሌሎች ነገሮች። ክፍሉ ሲለቅ ዘንጉ በድንገት ይወርዳል፤ ከታች ጨርቅ የተጎዘጎዘበት ባልዲ አድርጉ ወይም አንድ ሰው ይያዘው፤ ጣቱን ግን ከሳህኑ በታች አያስገባ። ደግሞ በቶዮታው ዘንግ ላይ ከአንደኛው ማርሽ የውስጥ ቡሽ ሥር አንዲት ትንሽ መቆለፊያ ኳስ አለች። ቡሹ ሲወጣ ድምፅ ሳታሰማ ትወድቃለች። ነጭ ጨርቅ ያልዘረጋ ሰው ወለል ለወለል ሲዳክር ይውላል።

ሙቀት እንደ መሣሪያ

አልሙኒየም ሲሞቅ የሚሰፋው ብረት ከሚሰፋው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ኩሽኔታው የተቀረቀረው በአልሙኒየም ቤት ውስጥ ከሆነ ቤቱን ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅ አንዳንዴ ከየትኛውም ፑለር ይበልጣል፤ ኩሽኔታው በራሱ ክብደት የወረደልኝ ጊዜ አለ። ጠብ ያለ ውሃ ሲንጫጫ በቂ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም የሞቀ አየር መንፊያ ይበቃል፤ ዙሪያውን እኩል ማሞቁ ነው ቁም ነገሩ።

የጋዝ ነበልባል ማርሽ ላይ ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የማርሽ ጥርስ ላዩ የተጠነከረ ነው፤ ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጥንካሬው መልቀቅ ይጀምራል። የተወለወለ ብረት ወደ 220 ዲግሪ አካባቢ የገለባ ቢጫ መልክ ይይዛል፣ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ። ሰማያዊ ጥርስ ያለው ማርሽ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ማን እንዳሞቀው አትጠይቁት፤ አዲስ ማርሽ ብቻ ንገሩት። ኩሽኔታም ለመግጠም ሲሞቅ ከ120 ባያልፍ ጥሩ ነው።

የሚጣል ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበቱ ብቻ ዘንጉ ላይ ቀርቶ ምንም አልያዘው ካለ፣ በግራይንደር ወደ ዘንጉ ሳይደርስ ይቦረቦርና በመሮ አንድ ጊዜ ይመታል። የኩሽኔታ ብረት ተሰባሪ ስለሆነ ይሰነጠቃል። መነጽር አድርጉ፣ የቀረውን ዘንግ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። ለመጨረሻ የሚቀመጥ መንገድ ነው፣ ግን ዘንጉን ከመደብደብ ይሻላል።

ለማን የቱ?

ካምቢዮ አልፎ አልፎ ብቻ የምትፈቱ ከሆነ ጥሩ የስናፕ ሪንግ ፒንሳ፣ የፒን መምቻ ስብስብና አንድ ሰፓሬተር ከነድልድዩ ይበቃችኋል። ባለ ሦስት እግር ፑለር ቀድሞ ካላችሁ ደህና፤ ከሌላችሁ ግን ለካምቢዮ ብላችሁ አትግዙት። በወር ውስጥ ብዙ የምትፈቱ ከሆነ ፕሬሱን ጨምሩ። በዓይነ ስውር (ጀርባው ዝግ በሆነ) ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ኩሽኔታ፣ ለምሳሌ በሞተሩ ቮላኖ (ፍላይዊል) በኩል ያለው ትንሹ፣ ከሚሰፋ ጥፍር ጋር የሚሠራ ተንሸራታች መዶሻ ይፈልጋል፤ እሱን መዋስ ይቻላል፣ በዓመት ስንት ጊዜ ትነኩታላችሁ።

አንድ ርካሽ ነገር ልጨምር፤ ቀለም ያለው ማርከርና ቀጭን ሽቦ። ሀቡና ስሊቩ ከመውጣታቸው በፊት ሁለቱንም በአንድ መስመር ምልክት አድርጉባቸው፤ የአንዳንዱ ሀብ ፊትና ኋላው ይለያያል፣ ተገልብጦ ቢገባ ማርሹ አይያዝም። የወጡትን ክፍሎች በወጡበት ተራ ሽቦው ላይ ሰካኩ።

ፕሬስ ለጊዜው ካልገዛችሁ በአካባቢያችሁ ያለ ቶርኖ ቤት በሥራ ዋጋ ይጫንላችኋል። ዘንጉን ብቻውን አትላኩት፤ ሰፓሬተራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ያለው ልጅ በሁለት ቁራጭ ብረት ሊደግፈው ይችላል፣ ቁራጮቹም የሚያርፉት ባገኙት ጠርዝ ላይ ነው። የራሳችሁን ሳህን በውስጡ ቀለበት ሥር አስገብታችሁ፣ ስናፕ ሪንጉ መነሳቱን በጣታችሁ ዳስሳችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ «በል ጫን» በሉት።